ማኑዋል ወይስ አውቶማቲክ? ስለ ስፖርት መኪና ካምቢዮ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ እመልሳለሁ፤ ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ማኑዋልና አውቶማቲክ በምን ይለያያሉ?

ሞተር ቀስ ብሎ ሲዞር አቅም የለውም፤ ከልክ በላይ ሲዞር ደግሞ ይጎዳል። ካምቢዮ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ስንነሳ አንደኛ፣ ፍጥነት ስንይዝ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልን ሞተሩ ደህና በሚሠራበት ክልል ውስጥ እናቆየዋለን።

በማኑዋል ይህን የሚያደርገው ሹፌሩ ራሱ ነው። በግራ እግሩ ሞተሩን ከካምቢዮው ለጊዜው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ በእጁ ማርሽ ያስገባል፣ ከዚያ ፍሪሲዮኑን ይለቃል። በአውቶማቲክ የፍሪሲዮን ፔዳል የለም። መቼ እንደሚቀየር የሚወስነውም ቀይሮ የሚጨርሰውም መኪናው ነው። ሹፌሩ ከፈለገ ግን "አሁን ቀይር" ብሎ ማዘዝ ይችላል።

አውቶማቲክ የሚባሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው?

አይደሉም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አውቶማቲክ ሲባል ድሮ ዘመድ ጋር የነበረችው ቀርፋፋ የቤት መኪና ትዝ የሚለው አለ። የዛሬዎቹ የስፖርት መኪናዎች ካምቢዮ ከዚያ ጋር የሚገናኝ አይደለም።

መጀመሪያ የመጣው ማኑዋል ካምቢዮን ወስዶ ፍሪሲዮኑን በማሽን ማስረገጥ ነበር። ፌራሪ በ1997 ኤፍ355 ላይ ለመንገድ መኪና ያቀረበው ይህን ነው። ይሠራል፤ ግን ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ጉልበቱ ለአፍታ ይቋረጥና አንገት ወደፊት ይወረወራል። ቀጥሎ ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ መጣ። አንደኛው ፍሪሲዮን አንደኛን፣ ሦስተኛንና አምስተኛን ይይዛል፤ ሌላው ሁለተኛን፣ አራተኛንና ስድስተኛን። በሦስተኛ እየሄዳችሁ ሳለ አራተኛው ቀድሞ ገብቶ ተራውን ይጠብቃል። ስትቀይሩ አንዱ ፍሪሲዮን ይለቃል፣ ሌላው ይይዛል፤ በቃ። ፖርሸ በ1980ዎቹ በውድድር መኪናዎቹ ላይ ሞክሮታል። በብዛት ለገበያ ያቀረበው ግን ፎልክስቫገን ነው፤ በ2003 ጎልፍ አር32 ላይ። ፖርሸ ራሱ ፒዲኬ ብሎ ወደ 911 ያመጣው በ2008 ነው።

ሦስተኛው የጥንቱ ዓይነት ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ጉልበት የሚያስተላልፍ ዘይት ያለበት ቶርክ ኮንቨርተር አለው። ይህኛው ዛሬ በጣም ተሻሽሏል። የጀርመኑ ዜድኤፍ የሚሠራው ባለ ስምንት ማርሽ ካምቢዮ ከመፍጠኑ የተነሳ ቢኤምደብሊው በ2017 በወጣው ኤም5 ላይ ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑን ትቶ ወደ እሱ ተመልሷል። ከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲነዳም ይበልጥ ይለሰልሳል።

የትኛው ይፈጥናል?

አውቶማቲኩ። በዚህ ላይ ክርክር የለም፤ ማኑዋል የምወድ ሰው ሆኜም የምለው ይህንኑ ነው።

ንጽጽሩ ፍትሐዊ እንዲሆን አንድ መኪና በሁለቱም ካምቢዮ እንይ። በ2021 የወጣው ፖርሸ 911 ጂቲ3 ሞተሩም ጎማውም አንድ ሆኖ ከዜሮ እስከ 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ በፒዲኬ 3.4 ሰከንድ፣ በማኑዋል 3.9 ሰከንድ ይፈጅበታል። ይህ የፋብሪካው ቁጥር ነው። ግማሽ ሰከንድ በወሬ ትንሽ ይመስላል፤ በዚያ ፍጥነት ግን ሁለት ሦስት የመኪና ርዝመት ነው። ደግሞ 3.9ን የሚያመጣው ጎበዝ ሹፌር ነው። 3.4ን ግን ፍሬንና ነዳጅ አንድ ላይ ረግጦ ፍሬኑን መልቀቅ የሚችል ሁሉ ያመጣዋል፤ የቀረውን ኮምፒውተሩ ይጨርሳል።

በሌላ በኩል ማኑዋሉ 1418 ኪሎ ሲመዝን የፒዲኬው 1435 ነው። ከፍተኛው ፍጥነትም በማኑዋሉ 320፣ በፒዲኬው 318 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ማኑዋሉ በክብደትም በመጨረሻ ፍጥነትም በጥቂቱ ይበልጣል ማለት ነው። ማንም ግን መኪና በዚህ አይመርጥም።

መሪው ጀርባ ባሉት መቀየሪያዎች ስነዳ ማኑዋል እየነዳሁ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ማርሹን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ ሥራውን የሚሠራው ግን መኪናው ነው። ሞተሩን ሊጎዳ የሚችል ማርሽ ብታዙትም እምቢ ይላል።

ነገሩ የመጣው ከፎርሙላ 1 ነው። ፌራሪ በ1989 በ640 መኪናው ላይ ገጥሞት መጣ። ያ ካምቢዮ በሙከራ ጊዜ እየተበላሸ ስላስቸገረ ማንም ተስፋ አልጣለበትም ነበር። ናይጀል ማንሰል ግን የዓመቱን የመጀመሪያ ውድድር ብራዚል ላይ በእሱ አሸነፈ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሌሎቹም ተከተሉ። ዛሬ የቤት መኪና ላይ ሳይቀር የምናየው መቀየሪያ ዘሩ ከዚያ ነው።

ታዲያ ቀርፋፋ ከሆነ ሰዎች ማኑዋልን ለምን ይፈልጋሉ?

ሥራው ራሱ ስለሚያስደስት ነው። ይህን በቃል ከማስረዳት አንድ ኩርባ አብረን ብንገባ ይሻላል።

በሦስተኛ ማርሽ እየበረራችሁ ነው፤ ከፊታችሁ ጠበብ ያለ ኩርባ አለ፤ ሁለተኛ ያስፈልጋችኋል። በቀኝ እግራችሁ ፊተኛ ክፍል ፍሬን ትረግጣላችሁ። ግራ እግር ፍሪሲዮኑን ይጫናል። እጃችሁ ማርሹን ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ይጎትታል። አሁን ችግር አለ፦ ጎማዎቹ ገና በፍጥነት እየዞሩ ነው፤ ሞተሩ ግን ተንፍሷል። ፍሪሲዮኑን ዝም ብላችሁ ብትለቁት መኪናው ይንገጫገጫል። በኋላ ጎማ የሚነዳ ከሆነ ደግሞ ቂጡ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ ፍሬኑን ሳትለቁ፣ በዚያው በቀኝ እግራችሁ ጠርዝ ነዳጁን አንዴ ቸብ ታደርጋላችሁ። ሞተሩ "ቭሩም" ብሎ ከጎማው ፍጥነት ጋር ይስተካከላል። ፍሪሲዮኑን ትለቃላችሁ፤ ማርሹ እንደ ቅቤ ይገባል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም።

መጀመሪያ ላይ አሥር ጊዜ ሞክራችሁ ዘጠኙ ይበላሻል። ለእኔ ሳምንታት ፈጅቶብኛል። ባዶ መንገድ ላይ ማልዶ ወጥቶ መለማመድ፣ ከጫማ በታች ፔዳሎቹን መዳበስ፣ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ እንደማይሆን ማወቅ ነበረብኝ። አንድ ቀን በድንገት ገጠመልኝ። መኪናው ምንም ሳይንገጫገጭ ኩርባውን ሲይዝ ብቻዬን ሳቅኩ። አውቶማቲኩ ይህንኑ ከእኔ በተሻለ፣ ሁልጊዜም ሳይስት ይሠራዋል። ግን እሱ ሲሠራው እኔ ተመልካች ነኝ።

ሌላም ምክንያት አለ። የዛሬ ስፖርት መኪና በጣም ፈጣን ነው። በሕዝብ መንገድ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ብቻ ከሕግ ወሰን ማለፍ ይቻላል። ሙሉ አቅሙን ማውጣት የማትችሉበት መንገድ ላይ ግማሽ ሰከንዱ ምንም አይጠቅማችሁም። ማኑዋል ግን በ60 ኪሎ ሜትር ስትሄዱም ሥራ ይሰጣችኋል።

ኮምፒውተር ነዳጁን ቸብ የሚያደርግላቸው ማኑዋሎች አሉ ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው። በ2008 መጨረሻ ይፋ የሆነው ኒሳን 370ዜድ ለዚህ ፈር ቀዳጅ ነበር። ማርሽ ስትቀንሱ ሞተሩን ራሱ ያስተካክልላችኋል። ዛሬ ብዙዎቹ ማኑዋል ስፖርት መኪናዎች ይህ አላቸው። ባትፈልጉት በብዙዎቹ ላይ ታጠፉታላችሁ። ለጀማሪ ጥሩ ነገር ነው፤ ፍሪሲዮንና ካምቢዮም ያድናል። እኔ ግን ልምምዱን መጀመሪያ ያለ እሱ አድርጉ እላለሁ።

ፌራሪና ላምቦርጊኒ ማኑዋልን ለምን ተዉት?

ገዢ ስላጡለት ነው። ምርጫው ቀርቦ ሳለ ደንበኛው መሪው ጀርባ ያለውን መረጠ። ፌራሪ ማኑዋልን በአማራጭነት ያቀረበበት የመጨረሻ ሞዴል ካሊፎርኒያ ነው፤ ያዘዘው ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነበር። ላምቦርጊኒም በ2014 ሁራካንን ሲያወጣ ማኑዋል የሚባል ነገር አላስገባለትም። የአሜሪካኑ ኮርቬት እንኳ ለ2020 ሞተሩን ወደ መካከል ሲያዛውር ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ብቻ ሆነ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በማኑዋል ያደጉት ወዳጆቹ በጣም አዘኑ።

ታሪኩ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አልሄደም። ፖርሸ በ2013 ጂቲ3ን በፒዲኬ ብቻ አወጣ። ወዳጆቹ ተቆጡ። በ2016 ፋብሪካው 911 አር የሚባል፣ በማኑዋል ብቻ የሚገኝ መኪና 991 ፍሬ ሠራ። ወዲያው አለቀ፤ ሁለተኛ እጅ ዋጋውም ከፋብሪካው ዋጋ በብዙ እጥፍ ዘለለ። በ2017 ማኑዋል ወደ ጂቲ3 ተመለሰ። ቶዮታም እንዲሁ ነው፤ በ2019 ሱፕራን ያለ ማኑዋል አመጣና በ2022 ባለ ስድስት ማርሽ ማኑዋል ጨመረ። ሰው አጥብቆ ሲጠይቅ ፋብሪካ ይሰማል።

ከቅርብ ዓመታት ሞዴሎች በማኑዋል የሚገኙት የትኞቹ ናቸው?

አቅም ላለው ፖርሸ 911 ጂቲ3 እና 911 ካሬራ ቲ አሉ። ከጀርመን ቢኤምደብሊው ኤም2፣ ኤም3ና ኤም4 አሉ። ከአሜሪካ ፎርድ ማስታንግና ካዲላክ ብላክዊንግ አሉ። ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር ጭራሽ አውቶማቲክ የለውም። ለመማርም ለመደሰትም የምመክረው ግን ማዝዳ ኤምኤክስ-5ንና ቶዮታ ጂአር86ን ነው። ጉልበታቸው ልከኛ ነው፤ ዋጋቸውም ከሌሎቹ ይቀላል፤ የማርሽ እጀታቸው ደግሞ እጅ ውስጥ ያምራል።

ላይኛው ጫፍ ላይ ጎርደን መሪ የሚባለው መሐንዲስ የሠራው ቲ.50 አለ። ባለ 12 ሲሊንደር ሞተሩ በደቂቃ እስከ 12,100 ይዞራል፤ ካምቢዮው ባለ ስድስት ማርሽ ማኑዋል ነው። የፎርሙላ 1 መኪና ሲነድፍ የኖረ ሰው ነጻነቱን ሲያገኝ የመረጠው ይህን መሆኑ ለእኔ ብዙ ይናገራል።

ማኑዋሉ ለምን አነስ ያለ ጉልበት ይሰጠዋል?

ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን ይታያል። በ2021 ለገበያ የቀረበው ቢኤምደብሊው ኤም4 በማኑዋል 480 የፈረስ ጉልበትና 550 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማዞር ኃይል) ነበረው። ኮምፒቲሽን የሚባለው፣ በአውቶማቲክ ብቻ የሚሸጠው ደግሞ 510 እና 650። ቶርክ በበዛ ቁጥር ፍሪሲዮኑ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ፍሪሲዮን በጠነከረ ቁጥር ደግሞ ፔዳሉ ለግራ እግር ይከብዳል። በአራቱም ጎማ የሚነዳውም ለአውቶማቲኩ ብቻ ነው የቀረበው።

ማኑዋል ጉልበት አይችልም ማለት ግን አይደለም። ካዲላክ ሲቲ5-ቪ ብላክዊንግ 668 የፈረስ ጉልበት ይዞ በባለ ስድስት ማርሽ ማኑዋል ይሸጣል። የሚወስነው ፋብሪካው ለማኑዋል ገንዘብ ማውጣት መፈለጉ ነው።

ትራፊክ ውስጥ በማኑዋል ስፖርት መኪና መንዳት ያማርራል?

አዎ። በየቀኑ በተጨናነቀ መንገድ የምትመላለሱ ከሆነና ያላችሁ መኪና አንድ ከሆነ አውቶማቲክ ግዙ። ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ይዞ መነሳት የአዲስ አበባ ሹፌር ያውቀዋል፤ የስፖርት መኪና ፍሪሲዮን ደግሞ ከቤት መኪናው ይከብዳል። ሰዓት ሙሉ ሲረገጥ ጉልበት ይንቀጠቀጣል።

ጥገናው የሚወደደው የየትኛው ነው?

ማኑዋል የሚያልቅ ነገር አለው፤ እሱም ፍሪሲዮን ነው። በአያያዝ ይወሰናል፤ አንዱ ሹፌር ለዓመታት የሚነዳበትን ሌላው በአንድ ክረምት ያቃጥለዋል። ሲቀየር ግን ሥራው የታወቀ ነው፤ ብዙ መካኒክ ይችለዋል። ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ዘይቱና ማጣሪያው በጊዜው ከተቀየረ ብዙ አያስቸግርም። ከተበላሸ ግን ውስጡ ኤሌክትሮኒክስም ሃይድሮሊክም ስላለ ልዩ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ይፈልጋል፤ ሂሳቡም ያስደነግጣል። ያገለገለ ስትገዙ "የካምቢዮ ዘይት መቼ ተቀየረ?" ብላችሁ ወረቀቱን ጠይቁ። ወረቀት ከሌለ ዋጋውን በዚያ ልክ ቀንሱ።

ያገለገለ ማኑዋል ስትገዙ ሌላ የሚታይ አለ። ሹፌር ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ሲል ተሳስቶ ሁለተኛ ካስገባ፣ ጎማዎቹ ሞተሩን ከወሰኑ በላይ ያዞሩታል። ይህን የሚከለክል ኮምፒውተር የለም፤ ብረት ለብረት የተገናኘ ነገር ነው። በአንድ ስህተት ሞተር ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል። ፖርሸ ላይ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ስንት ጊዜና ምን ያህል ከወሰን በላይ እንደዞረ ይመዘግባል። አንድ ጊዜ ልገዛ የተስማማሁበትን መኪና ይህን መዝገብ ካየሁ በኋላ ትቼዋለሁ። ውጪው እንደ አዲስ ያብረቀርቅ ነበር። ሻጩ መዝገቡን ላለማሳየት ቢያንገራግር ተዉት፤ ሌላ መኪና አይጠፋም።

መንጃ ፈቃዴ ለአውቶማቲክ ብቻ ነው፤ ማኑዋል መንዳት እችላለሁ?

እንደ አገሩ ነው። በአሜሪካ ተራ መንጃ ፈቃድ ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት የለም። በእንግሊዝ፣ በእስራኤልና በተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች ግን በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ማኑዋል መንዳት አይፈቀድለትም። በጀርመን ከ2021 ወዲህ መንገድ አለ፦ ፈተናውን በአውቶማቲክ ትወስዳላችሁ፣ ቢያንስ 10 የማኑዋል ትምህርት ትማራላችሁ፣ በማሠልጠኛው አጭር ፈተና ታልፋላችሁ፤ ከዚያ ሁለቱንም ትነዳላችሁ። ማኑዋል ስፖርት መኪና የመግዛት ሐሳብ ካላችሁ ከመጀመሪያው በማኑዋል ተፈተኑ።

ማኑዋል መኪና ዋጋ ይይዛል የሚባለው እውነት ነው?

ቁጥራቸው ትንሽ በሆኑና ወዳጅ ባላቸው መኪናዎች ላይ እውነት ነው። በ2000ዎቹ የተሠሩ ማኑዋል ፌራሪዎች በማሽን ፍሪሲዮን ከሚሠሩት ወንድሞቻቸው በብዙ ይበልጣሉ። በዚያን ጊዜ ግን ሰው እየተወ የሄደው ማኑዋሉን ነበር። ለተራ ስፖርት መኪና ግን እርግጠኛ አትሁኑ። ጥቂት ሰው ይፈልገዋል፤ የሚፈልገው ሰው ግን አጥብቆ ይፈልገዋል። ስለዚህ ለመሸጥ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ለትርፍ ብላችሁ ማኑዋል አትግዙ፤ መንዳቱን ከወደዳችሁት ግዙ።

ማኑዋል መኪና ትራክ ላይ አውቶማቲክን ሊያሸንፍ ይችላል?

ይህ በደንብ መታየት ያለበት ነው። ጀርመን ውስጥ ኑርቡርግሪንግ የሚባለው ትራክ ሰሜናዊ ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ነው። በ2021 የወጣው ጂቲ3 በፒዲኬ በ6 ደቂቃ ከ59.927 ሰከንድ ዞረው። በ2025 አዲሱ ጂቲ3 በማኑዋል፣ ዮርግ በርግማይስተር እየነዳው፣ በ6 ደቂቃ ከ56.294 ጨረሰ። ማኑዋሉ ከ3 ሰከንድ በላይ ፈጠነ።

ከዚህ ተነስቶ "ማኑዋል ይፈጥናል" ማለት ግን ስህተት ነው። ሁለተኛው አዲስ መኪና ነው። የአየር ግፊት አያያዙ ተሻሽሏል፣ ቶሎ እንዲፈጥን የማርሽ ምጣኔው አጥሯል፣ ክብደት የሚቀንስ ተጨማሪ ዕቃም ተገጥሞለት ነበር። ያንኑ መኪና በፒዲኬ ያው ሹፌር ቢነዳው ሰዓቱ እንደሚቀንስ አልጠራጠርም። ቁጥሩ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው፦ ከካምቢዮው ይልቅ መኪናውና ሹፌሩ ይወስናሉ። እንደ እኔ ላለ ተራ ሰውማ ጎማ፣ ፍሬንና ሁለት ቀን ሥልጠና ከፒዲኬ የበለጠ ሰዓት ያስቀንሳሉ።

ትራክ ላይ ገና ለሚጀምር የምመክረው አውቶማቲክ ነው። ዓይናችሁና ሐሳባችሁ መስመሩና ፍሬኑ ላይ ይሁን። ማርሹ በኋላ ይደርሳል።

ኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ ይህ ሁሉ ያበቃል?

ጥያቄው ለአገር ቤት አንባቢ ቅርብ ነው፤ ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለችና። የኤሌክትሪክ ሞተር ከዜሮ ጀምሮ ሙሉ ቶርክ ስላለው አብዛኛው ኤሌክትሪክ መኪና አንድ ማርሽ ይበቃዋል። ፖርሸ ታይካን እንኳ የኋላው ሞተር ላይ ሁለት ብቻ ነው ያለው።

ግን ሰው ማርሹን ናፍቋል። ሀዩንዳይ በ2023 ያወጣው አዮኒክ 5 ኤን ስምንት የውሸት ማርሽ አለው። መሪው ጀርባ ባለው መቀየሪያ ስትቀይሩ ሞተሩ ጉልበቱን ለቅጽበት ይቆርጥና መንገጫገጭ ይሰማችኋል፤ ድምፁም በስፒከር ይመጣል። ቶዮታም በአንድ የሌክሰስ የሙከራ መኪና ላይ የውሸት ፍሪሲዮንና የማርሽ እጀታ ገጥሞ አሳይቷል። ይህን የሚንቁ አሉ፤ እኔ አልንቀውም። አዮኒኩ ላይ ማርሽ መጨመር ብትረሱ እንደ ቤንዚን መኪና ወሰኑ ላይ ደርሶ "ድድድድ" ይላል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም፤ እጃችሁን ይጠብቃል።